በስም የሚጠራ ኮድ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። በጃቫ አፕሊኬሽን ሰርቨር ውስጥ ግን ስም የሚያወጣው ሰርቨሩ ራሱ ነው። የተሰየመው ነገር በዚያ ስም ተፈልጎ የሚገኝበት መንገድ ደግሞ ጄኤንዲአይ ይባላል። የሰን ማይክሮሲስተምስ ሥራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ከጃቫ ጋር አብሮ ይመጣል።

አሠራሩን በደመወዝ ሶፍትዌር እንየው። ሶፍትዌሩ ሰርቨሩ ላይ ሲጫን፣ ደመወዝ የሚያሰላው ኢጄቢ (ሰርቨሩ ውስጥ የሚሠራ የጃቫ ኮድ ክፍል) በስሙ ይመዘገባል። የሚፈልገው ሌላ ኮድ ኢጄቢው የት እንዳለ ማወቅ አይጠበቅበትም፤ «ሉክአፕ» ብሎ ስሙን ይጠራል፣ ሰርቨሩም ያቀርብለታል። የዳታቤዝ ግንኙነትም የሚገኘው እንዲሁ ነው። ዳታቤዙ ወደ ሌላ ማሽን ቢዛወር የሚስተካከለው የሰርቨሩ መዝገብ ነው፤ ኮዱን የሚነካው የለም።

ጣጣው ስም አወጣጡ ላይ ነበር። ሰርቨሮቹ በየራሳቸው ልማድ ስለሚሰይሙ፣ ጄቦስ በተባለው ሰርቨር ላይ ደህና ይሠራ የነበረ ኮድ ግላስፊሽ በተባለው ላይ ሲጫን «ስሙ አልተገኘም» ይል ነበር። ይህን መልክ ያስያዘው እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የኢጄቢ ደንብ እትም 3.1 ነው። ደንቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ልጅ ቤት ውስጥ በስሙ ብቻ፣ ትምህርት ቤት ከነአባቱ፣ ፓስፖርት ላይ ከነአያቱ ይጠራል። ኢጄቢም በገዛ ሞጁሉ ውስጥ «ጃቫ:ሞጁል/አስሊ»፣ በአፕሊኬሽኑ ውስጥ «ጃቫ:አፕ/ደመወዝ/አስሊ»፣ ከዚያ ውጭ ላለ ደግሞ «ጃቫ:ግሎባል/ድርጅት/ደመወዝ/አስሊ» ነው፤ አስሊ የኢጄቢው፣ ደመወዝ የሞጁሉ፣ ድርጅት የአፕሊኬሽኑ ስም ነው። ልዩነቱ እዚህ አያት ከፊት መቅደሙ ነው።

ዛሬ ብዙው ፕሮግራመር ሉክአፕ በእጁ አይጽፍም። እ.ኤ.አ. ከ2006ቱ ጃቫ ኢኢ 5 ጀምሮ፣ ከተለዋዋጩ በላይ «ኢጄቢ» የሚል ምልክት ካኖሩ ፍለጋውን ሰርቨሩ ይጨርሰዋል።

ይሁን እንጂ ስም መጥራት አደጋም አለው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ሎግፎርጄ በተባለው የፕሮግራም ክንውን መመዝገቢያ ላይብረሪ ላይ ክፍተት መኖሩ ይፋ ሆነ። ላይብረሪው እንዲመዘግብ በተሰጠው ጽሑፍ ውስጥ የጄኤንዲአይ ስም ካገኘ፣ ስሙ ወደሚጠቁመው ሰርቨር ሄዶ ይጠራው ነበር። አጥቂው የራሱን ሰርቨር አድራሻ በስም መልክ ይልካል፤ የአጥቂው ኮድም ላይብረሪው ወዳለበት ማሽን ሰተት ብሎ ይገባል። የአደጋው ደረጃ ከ10 10 ተሰጠው።

ስለዚህ ሉክአፕ የምትጽፉ ሁሉ፣ የሚጠራውን ስም እናንተው ወስኑት፤ ከተጠቃሚ የመጣ ጽሑፍ ስም ሆኖ አይግባ።