ማግኔት ይዞ ቫልቭ መግዛት

የላዳ ቴስታታ ሲወርድ ባለቤቱ የሚጨነቀው ለፋሻውና ለጋርኒሲዮኑ ነው። ቫልቮቹ «ይፈጩና ይመለሳሉ» ተብለው ይታለፋሉ። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 25 ጊዜ ተከፍቶ ይዘጋል፤ ስሙ የሚነሳው ግን ሲቃጠል ብቻ ነው።

ልኩ አያስቸግርም። አዲስ አበባ በታክሲነት የምታውቀው ላዳ፣ ማስገቢያ ቫልቩ 37፣ ማስወጫው 31.5 ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ የሁለቱም ዘንግ 8 ሚሊሜትር ነው። ካሊፐር ይዞ ማረጋገጥ የገዢው ድርሻ ነው። «ላዳ ያው ፊያት 124 ነው» የሚለውን ወሬ ግን አትመኑ። አካሉ ከፊያት የመጣ ቢሆንም፣ በሩሲያዋ ቶሊያቲ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የተመረተው መኪና ካምሻፍቱ ቴስታታው ላይ የተቀመጠ፣ ከፊያቱ የተለየ ሞተር ነው ያለው። በዝምድና ተማምኖ ዕቃ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ዋናው ጉዳይ ማስወጫው ነው። ማስገቢያውን የሚገባው አየርና ቤንዚን ያቀዘቅዘዋል፤ ማስወጫው ግን በሥራ ላይ ፍም ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ጭንቅላቱ ክሮም፣ ኒኬልና ማንጋኒዝ ካለበት ሙቀት ከሚችል ብረት ይሠራል። ይህ ብረት ደግሞ ለዘንግነት አይመችም፤ ዘንጉ ሌላ፣ ሊጠነክር የሚችል ብረት ይፈልጋል። ሁለቱ እየተፋተጉ በሚፈጥሩት ሙቀት ተበይደው አንድ ይሆናሉ። ብየዳው ከተሞረደ በኋላ በዓይን አይለይም፤ ማግኔት ግን ያገኘዋል። ዘንጉን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፣ ጭንቅላቱ ላይ ሲደርስ ይለቃል። ማስገቢያው ላይ ከላይ እስከ ታች ይይዛል።

ሶማሌ ተራ አንድ ሱቅ ይህን ሳደርግ ባለሱቁ ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ቫልቭ ሊገዙ ነው ወይስ ሊመረምሩ?» አለኝ። ማስወጫ ተብሎ ከቀረበልኝ መካከል ጭንቅላቱም ዘንጉም እኩል የሚጣበቅ አገኘሁና አሳየሁት። ማግኔቱን ተቀብሎኝ የራሱን ካርቶን መፈተሽ ጀመረ፤ የኔን ዕቃ መስጠቱንም ረሳ። ማግኔት ግን ሐሰቱን ያጋልጣል እንጂ የብየዳውን ጥራት አይመሰክርም። በሌሎች ሞተሮች ላይ ደግሞ ከአንድ ብረት የተሠሩ ጥሩ ቫልቮች አሉ፤ ፈተናው ለላዳ ነው።

አሮጌውን ማስፈጨት ለማስገቢያው ይቻላል፣ ዘንጉ ካልተበላ። ጠርዙ የሳሳ ማስወጫ ግን ይጣል። ሙቀቱን አብዛኛውን የሚያወርደው ሲዘጋ ከመቀመጫው ጋር በሚገጥምበት ቦታ ነው፤ የሳሳ ጠርዝ ያን ሙቀት መሸከም አይችልም።

አሁን ደግሞ ወቀሳ። ቲክ ቲክ የሚለውን ድምፅ የሚጠሉ ሹፌሮች «ጸጥ አድርግልኝ» እያሉ መካኒኩን ያስጨንቁታል። ድምፁ የሚመጣው በካምሻፍቱና በቫልቩ ማንሻ መካከል ካለው ክፍተት ነው፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ይህ ክፍተት 0.15 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ከዚያ ሲጠብ ቫልቩ ሲሞቅ ይረዝምና ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ሙቀቱን ሳያወርድ ይቃጠላል። ጸጥታው በአዲስ ቫልቭ ዋጋ የተገዛ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ቴስታታውን ገልብጣችሁ፣ ካንዴላዎቹን አጥብቃችሁ፣ ቫልቮቹ ተዘግተው ሳሉ ነጭ ጋዝ አፍስሱበት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በማስወጫው ወይም በማስገቢያው ቀዳዳ በኩል ጠብታ ከታየ፣ መካኒኩ ቢያኮርፍም ወደ መፍጨቱ ይመለስ።