በጎልማሳ ዕድሜ እንቅስቃሴ ሲጨምር የሚያጋጥሙ ቀላል ጉዳቶች

ከያቤሎ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ሜጋና በመሰል የቦረና ከተሞች፣ ከብት ተከትሎ ያደገው አርብቶ አደር እግሩ መንገድ የለመደ ነው። ዓመታትን በቢሮ፣ በሱቅ ወይም በመኪና መሪ ላይ ያሳለፈው ጎልማሳ ግን ለደም ግፊቱ ወይም ለስኳሩ “እንቅስቃሴ ያድርጉ” ተብሎ ሲጀምር፣ ብዙም ሳይቆይ ተረከዙን፣ ጉልበቱን ወይም ባቱን አሞት ይመለሳል።

ልብና ጡንቻ አዲሱን ጫና በጥቂት ሳምንታት ሲለምዱ፣ የደም አቅርቦቱ አነስተኛ የሆነው ጅማት ወራት ይፈልጋል። ታካሚው ትንፋሹ ስለተስተካከለለት ርቀቱን በእጥፍ ያሳድጋል፤ ጅማቱ ግን ገና አልደረሰም።

በዚህ ጊዜ ፍጹም ዕረፍት ማዘዝ የተለመደ ቢሆንም አይደገፍም። ሥራ የፈታ ጅማት ይበልጥ ይደክማል፤ ታካሚውም እንቅስቃሴውን እንደተወ ሊቀር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ቢመክርም፣ ጥቂቱም ከምንም እንደሚሻል ያስገነዝባል። ስለዚህ ርቀቱን በግማሽ መቀነስ፣ ዳገትንና ሩጫን ለጊዜው መተው ይበጃል። ሕመሙ ቀላል ከሆነና በማግስቱ ካልባሰ መቀጠል ይቻላል። ለተረከዝ ጅማት ግድግዳ ተደግፎ ተረከዝን ማንሳትና ቀስ ብሎ ማውረድ ይረዳል፤ ውጤቱ ግን እስከ 12 ሳምንት ትዕግሥት ይጠይቃል። በረዶ ባይገኝ አያሳስብም። አዲስ ጉዳትን ወጌሻ ዘንድ አጥብቆ ማሳሸት ግን እብጠቱን ያባብሳል።

ይበልጥ የሚያሰጋው ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ማስታገሻ ነው። ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ። ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በሚወስድ፣ በሙቀት ፈሳሽ በጎደለው ሰው ላይ ሲደረቡ ደግሞ ኩላሊትን በድንገት ሊጎዱ ይችላሉ። ግፊትን ለመቀነስ የተጀመረ የእግር ጉዞ በዚህ መንገድ ግፊትን ሲያባብስ ማየት ያሳዝናል። ፓራሲታሞል ወይም የሚቀባ ዲክሎፌናክ ይመረጣል። በቅርቡ ሲፕሮፍሎክሳሲን ወስዶ እንደሆነም ይጠየቅ፤ ጅማትን እስከ መበጠስ ሊያደርስ የሚችል መድኃኒት ነውና።

ከተረከዙ በላይ ድንገት እንደተመታ የተሰማው ሰው በሆዱ ተኝቶ ባቱ ሲጨመቅ የእግሩ ጫፍ ካልተንቀሳቀሰ፣ ጅማቱ ሳይበጠስ አልቀረምና በአስቸኳይ ሪፈር ይደረግ። ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ አራት እርምጃ መራመድ ያቃተው ወይም አጥንቱ ሲነካ የሚያመው ራጅ ይነሣ። የአንድ እግር ባት ብቻ ሲያብጥ የደም መርጋት መታሰብ አለበት። የስኳር ታካሚ ደግሞ ጫማና ካልሲውን አውልቆ ሳይታይ አይሰናበት፤ እግሩ ቀልቶ፣ ሞቆና አብጦ ሕመም ባይሰማው እንኳ እግሩን ሳይረግጥ ወደ ሆስፒታል ሊላክ ይገባል።