ለኪራይ በሚታደስ ኮንዶሚኒየም ገንዘቡ የት ይግባ?

በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት ሰው ቁልፉን ሲረከብ ቤቱ ገና ብዙ ይቀረዋል። የውጪው ግድግዳ ብሎኬት ነው፤ በብዙ ሳይቶች ክፍል ከክፍል የሚለየው አግሮስቶን ነው፤ ወለሉ ሊሾ፣ መስኮቱ ኤልቲዜድ ብረት። ፊኒሺንጉ የባለቤቱ ጉዳይ ነው። የባንክ ዕዳውን በኪራይ ለመክፈል ያሰበ ሰው እጁ ላይ ያለው ገንዘብ ስለማይበቃ፣ ለየቱ ዕቃ እጁን እንደሚዘረጋ፣ በየቱ እንደሚቆጥብ ቀድሞ መወሰን አለበት።

ብዙ አከራይ "አሳምሬ ልሥራው፣ ኪራዩን እጨምራለሁ" ብሎ ያሰላ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ግን ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንዴ ከሚያሳውቀው መጠን እንዳያልፍ ደንግጓል። እንግዲህ ዛሬ አዋጪ የሚባለው ዕቃ ቢያንስ ያን ውል ሳይበላሽ የሚጨርስ፣ ቢበላሽም የሰፈር ባለሙያ በግማሽ ቀን የሚጠግነው ነው።

ከሁሉ በፊት ወጥ ቤቱን እንይ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፔር ይመጣል። ይህ ተራ ሶኬት ሊሸከም የሚችለው የመጨረሻው መጠን ነው። ሊጡ ተጋግሮ እስኪያልቅ ደግሞ ሽቦው ያን ጭነት እንደተሸከመ ይቆያል። ቀጭን ከሆነ ይግላል፤ የሶኬቱ ቀዳዳዎች ዳር ይጠቁራል፤ የሚቃጠል ፕላስቲክ ሽታ ይመጣል። ስለዚህ ለምጣዱ ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ የሚሄድ፣ ውፍረቱ ከ4 ካሬ ሚሊ ሜትር የማያንስ የመዳብ ሽቦና የራሱ ብሬከር ያስፈልጋል። በስቱዲዮ ቤት ይህ ጥቂት ሜትር ሽቦ ቢሆን ነው። እዚህ ላይ የሚቆጥብ አከራይ የሰው ሕይወት አስይዞ ነው የሚቆጥበው፤ ገንዘቡ ካጠረ ሌላው ሁሉ ይቅር፣ ይህ አይቅር።

የወጥ ቤቱን ግድግዳ ግን እስከ ጣሪያ ሴራሚክ ማልበስ አያስፈልግም። ከምድጃውና ከሲንኩ ጀርባ ጥቂት ረድፍ ይበቃል። ቀሪው ዘይት ቀለም ቢቀባ የቁሌቱ ፍንጣቂና ጥላሸቱ በሳሙና ይለቃል። ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች ግድግዳቸውን እስከ ወገብ ዘይት ቀለም የሚቀቡት በዚሁ ምክንያት ነው። እርጥበት የሚያሳልፍ ግድግዳ ላይ ግን ዘይት ቀለም አይሆንም፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ ቀለሙን አሳብጦ ይልጠዋል። ሳሎንና መኝታ ቤት ፕላስቲክ ቀለም ይበቃቸዋል፤ ሁሉም ክፍል አንድ ዓይነት ቀለም ከሆነ ተከራይ በተቀያየረ ቁጥር የቆሸሸውን ቦታ ብቻ መንካት ይቻላል። የቀለሙን ቁጥር ጽፎ ማስቀመጥ ነው።

መታጠቢያ ቤቱ ሁለተኛው የገንዘብ ቦታ ነው። ብዙ ሰው ሴራሚክ ውሃ የሚያግድ ይመስለዋል፤ ውሃው ግን በመጋጠሚያዎቹ ሰርጎ ይወርዳል። የሚያግደው ከሴራሚኩ ሥር የሚቀባው የውሃ መከላከያ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። ውሃ ሲጠፋ ቧንቧው ሳይዘጋ ይቀራል፤ ሌሊት ውሃው ሲመለስ ወለሉ ይጥለቀለቃል። መከላከያ ካልተቀባ፣ ወለሉም ወደ ማስወረጃው ካላዘነበለ፣ ጠዋት የታችኛው ጎረቤት ጣሪያው እያንጠባጠበ መጥቶ በር ያንኳኳል። ያኔ ሴራሚኩን አፍርሶ እንደገና መለጠፍ ይመጣል፤ ወጪው እጥፍ ነው።

ሴራሚክ ሲገዛ ለግድግዳ የተሠራው ለወለል አይሆንም፤ ቶሎ ይፋቃል። የወለሉ ካርቶን ላይ ብዙ ጊዜ ፒኢአይ የሚል ከ1 እስከ 5 የሚደርስ ደረጃ ይጻፋል፤ ለመኖሪያ ቤት 3 ወይም 4 ይበቃል። አንድ ካርቶን ትርፍ ይግዙና ይቀመጥ፤ በሌላ ጊዜ የተመረተው በመልክ ይለያል።

የውሃ መስመሩ ከብረት ይልቅ ፒፒአር ቢሆን ይሻላል፤ አይዝግም፣ በ260 ዲግሪ ሙቀት ቀልጦ አንድ አካል ሆኖ ይገጠማል። የቧንቧ መክፈቻ ሲመርጡ ክብደቱን በእጅዎ ይመዝኑት፤ የነሐሱ ከበድ ይላል። የውስጡ ዕቃ ለብቻው የሚሸጥ መሆኑንም ይጠይቁ።

በአግሮስቶን ላይ ከባድ የወጥ ቤት ቁም ሳጥን አይሰቀል፤ ብሎኬቱ ላይ ይሁን። የኤልቲዜዱ መስኮት ካልበሰበሰ ዝገቱ ተፍቆ አንቲረስት ተቀብቶ ቀለም ይበቃዋል፤ በአሉሚኒየም መቀየር ለአከራይ ቅንጦት ነው። የጂፕሰም ኮርኒስ ከነደረጃውና ከነመብራቱም እንደዚያው።

ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት የማስወረጃውን አፍ ደፍነው መታጠቢያ ቤቱ ላይ ውሃ ያስተኙበት፤ 24 ሰዓት ይቆይና ከታች ያለውን ጎረቤት ጣሪያ ይዩ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ሒሳብ ከመዝጋትዎ በፊት ደግሞ ምጣዱ ለአንድ ሰዓት ይብራና የሶኬቱን ሽፋን ይዳስሱ። ካቃጠለ አይክፈሉ፤ ሥራው ይደገም።