አሮጌ የሞርታር ጥይት እንዴት ይለያል?

በአሁኑ ጊዜ በቦሌ፣ በገርጂና በኮተቤ የሕንፃ መሠረት የማይቆፈርበት ሰፈር የለም። ከአፈሩ ጋር የዛገ ብረት ቢወጣ አንዱ ለቆራሌ ሊሸጠው፣ ሌላው የሳሎን ጌጥ ሊያደርገው ያስባል። ጅራቱ ክንፍ ያለው ከሆነ ግን የሞርታር ጥይት ሊሆን ይችላልና አስቀድሞ ዓይነቱን ማወቅ ይገባል።

እንደሚታወቀው የባዶሊዮ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው በደብረ ብርሃን በኩል፣ በምሥራቁ መንገድ ነው። ኢጣልያ እስከ ተሸነፈችበት እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ ጦሯ ከያዛቸው ሞርታሮች ሁለቱን እንመልከት።

አንደኛው ባለ 45 ሚሊሜትሩ ብሪክሲያ ነው። ጥይቱ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። የሚያስወነጭፈው ባሩድ ለብቻው በመሣሪያው ካዝና ስለሚጎርስ በጥይቱ ጅራት ውስጥ አይገኝም።

ሁለተኛው ባለ 81 ሚሊሜትር ሲሆን የተሠራው በፈረንሳዩ ብራንት አምሳል ነው። የዚህ ግን ባሩዱ በጅራቱ ውስጥና በክንፎቹ መካከል ይደረጋል። ጥይቱም ሁለት ዓይነት ነው፤ ቀላሉ 3.3 ኪሎ ያህል ሆኖ 4 ኪሎሜትር ይሄዳል፤ ከባዱ 6.9 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ከ1.5 ኪሎሜትር አያልፍም።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ከ1945 ዓ.ም. ስምምነት ወዲህ የአሜሪካ፣ ከ1969 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ የሶቪየት መሣሪያ ወደ አገራችን ገባ። የአሜሪካው 81፣ የሶቪየቱ 82 ሚሊሜትር ሲሆን ሁለቱም የብራንት ልጆች ናቸውና እንደ ወንድማማች ይመሳሰላሉ። የሚለያቸው የአንድ ሚሊሜትር ስፋት፣ የክንፉ አሠራርና በአካሉ ላይ የተቀረጸው ፊደል ነው፤ የላቲን ፊደል ወደ አንዱ፣ የሩሲያ ፊደል ወደ ሌላው ይመራል። ቀለምም የጥይቱን ሥራ ይነግር ነበር፤ ነገር ግን አፈር ቀለሙን ይበላዋል።

እንግዲህ እነዚህ ምልክቶች ሁሉ የጥይቱን አገር እንጂ የሆዱን ነገር አይነግሩንም። በአፍንጫው ያለው ፊውዝ ጥይቱ በሚተኮስበት ጊዜ ከመጠበቂያው ይላቀቃል። ስለዚህ ተተኩሶ ሳይፈነዳ የቀረ ጥይት ለመፈንዳት እንደ ተዘጋጀ ይቀበራል። ዝገቱ ብረቱን ቢበላም ፈንጂው ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት ኃይሉን አይለቅም።

ስለዚህ ሰብሳቢ የሆነ ሰው ዕውቀቱን ከመጽሐፍና ከሙዚየም ይቅሰም። ሜዳ ላይ ያገኘውን ግን ለመለካትም ሆነ ለመጥረግ አይንካው፤ ሰው እንዳይቀርብ አስጠንቅቆ ለፖሊስ ያስታውቅ።