የንግግር፣ የቋንቋና የመስማት እክሎች ትምህርት በዳላስ–ፎርት ወርዝ

ንግግር፣ ቋንቋና መስማት በዕለት ተዕለት ኑሮ ተያይዘው የሚሠሩ በመሆናቸው እንደ አንድ ነገር ቢታዩም፣ በሙያው ዓይን ሦስት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። ንግግር ከሳንባ በሚወጣ አየር፣ በማንቁርት ውስጥ በሚርገበገቡ የድምፅ አውታሮች፣ እንዲሁም በምላስ፣ በከንፈርና በላንቃ ቅንጅት ድምፅ የሚፈጠርበት አካላዊ ተግባር ነው፤ ቋንቋ ቃላትን መርጦ በሰዋስው ሥርዓት የማዋቀርና የሌላውን መልእክት የመረዳት የአእምሮ ችሎታ ሲሆን፣ መስማት ደግሞ ድምፅ በጆሮ ገብቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል የሚደርስበት መንገድ ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲታወክ ሌሎቹ ደኅና ሊሆኑ ይችላሉ። የሚንተባተብ ሰው ሊናገር ያሰበውን ዐረፍተ ነገር ሙሉ በሙሉ ያውቀዋል፣ ችግሩ ያለው በንግግሩ ፍሰት ላይ ነው፤ በስትሮክ የተነሣ አፌዥያ የተባለው የቋንቋ መታወክ የደረሰበት ሰው ግን ምላሱና ከንፈሩ እንደ ልብ እየታዘዙት የሚፈልገውን ቃል ሊያጣው ይችላል። እነዚህን እክሎች ለይቶ የማወቅ መሠረት የሚጣልበት የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት፣ በዳላስና በፎርት ወርዝ ከተሞች አካባቢ ሥር የሰደደ ታሪክ አለው።

በአካባቢው ከሚታወቁት ተቋማት አንዱ የካሊየር ማዕከል ነው። ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ1963 በዳላስ ተመሥርቶ በ1975 ከቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ዳላስ ጋር የተዋሐደ ሲሆን፣ ሕክምናን፣ ምርምርንና ማስተማርን በአንድ ጥላ ሥር ይዞ በዳላስ ከተማና በሪቻርድሰን በሚገኘው የዩኒቨርሲቲው ግቢ አገልግሎት ይሰጣል። በፎርት ወርዝ የቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ሚለር የተባለ የንግግርና የመስማት ክሊኒክ ያለው ከመሆኑም በላይ፣ ከንግግርና ቋንቋ ሕክምና ጎን መስማት የተሳናቸውን ልጆች ለማስተማር የሚያዘጋጅ ዘርፍም አለው። በሰሜን በኩል በዴንተን ከተማ ደግሞ የሰሜን ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲና የቴክሳስ ሴቶች ዩኒቨርሲቲ በዚሁ መስክ ያስተምራሉ። በዚህ ምክንያት በአካባቢው የሚኖር ተማሪ ከቤቱ ብዙ ሳይርቅ የሚመርጠው ተቋም አያጣም።

የዲግሪው ትምህርት የሚጀምረው ከእክል ሳይሆን ከጤናማው አሠራር ነው፤ ምክንያቱም ትክክለኛውን ያላወቀ የታወከውን ሊለይ አይችልም። ተማሪው የአንገት፣ የአፍና የጆሮ አካላትን አቀማመጥና ተግባር፣ የአንጎልንና የነርቭን ሥርዓት፣ የድምፅ ሞገድን ፊዚክስ፣ እንዲሁም ሕፃናት ቋንቋን በየትኛው ዕድሜ እንዴት እንደሚያዳብሩ ይማራል። በሥነ ድምፅ ትምህርት የሰዎችን አነጋገር ሰምቶ፣ ለማንኛውም ቋንቋ እንዲያገለግል በተዘጋጀው ዓለም አቀፍ የድምፅ ፊደል አንድ በአንድ መጻፍ ይለማመዳል፤ ይህ ልምምድ «ልጁ አነጋገሩ ትክክል አይደለም» ከሚለው ጥቅል አስተያየት ወጥቶ የትኛው ድምፅ፣ በቃሉ የትኛው ቦታ ላይ፣ በምን እንደ ተተካ በማስረጃ እንዲናገር ያስችለዋል። ከዚህ በኋላ መንተባተብ፣ የድምፅ መጎርነን፣ የላንቃ መሰንጠቅ በንግግር ላይ የሚያስከትለው ችግር፣ ኦቲዝም፣ አፌዥያ፣ እንዲሁም በዚሁ ሙያ ሥር የሚካተተው ምግብና መጠጥ የመዋጥ ችግር ይከተላሉ።

የመስማት ጥናት፣ ማለትም ኦዲዮሎጂ፣ የትምህርቱ ሁለተኛ ምሰሶ ነው። የመስማት ምርመራ ውጤት ኦዲዮግራም በተባለ ግራፍ ላይ ይሰፍራል፤ ግራፉ አብዛኛውን ጊዜ ከ250 እስከ 8,000 ሄርዝ ባሉ የድምፅ ቅጥነቶች ተመርማሪው የሚሰማውን ዝቅተኛውን ድምፅ በዲሲቤል ያሳያል። የአናባቢዎች ኃይል በአብዛኛው በወፍራሞቹ ድምፆች በኩል ሲያይል፣ «ስ» እና «ፍ» የመሳሰሉት ተነባቢዎች ግን ቀጭንና ደካማ ናቸው። ስለዚህ ቀጫጭን ድምፆችን መስማት የተሳነው ልጅ ስሙ ሲጠራ ዞር እያለ፣ የሚነገረውን ቃል ግን በትክክል ላይለይ ይችላል፤ ወላጅና መምህርም መስማቱን ሳይጠራጠሩ እንደ ሰነፍ ወይም እንደ እልኸኛ ሊቆጥሩት ይችላሉ። የልጁን ጠባይ ከመውቀስ በፊት ጆሮውን ማስመርመር የሚገባውም ስለዚህ ነው።

በዚህ መስክ አንድ ምርመራ ብቻውን ፍርድ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1976 የኦዲዮሎጂ ተመራማሪው ጄምስ ጀርገር ዲቦራ ሄይስ ከተባሉ ተመራማሪ ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በሕፃናት የመስማት ምርመራ የአንድ ፈተና ውጤት በሌላ ራሱን የቻለ ምርመራ ሳይረጋገጥ እንዳይታመን አሳስበዋል። ጀርገር በኋላ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ዳላስ ያስተማሩ ሲሆን፣ መርሑ እስከ ዛሬ የሙያው መሠረት ሆኖ ያገለግላል። በሁለት ምስክር ቃል ነገር እንደሚጸና ሁሉ፣ ልጁ ድምፅ ሲሰማ የሚያሳየው ምላሽ ከጆሮው ውስጥና ከመስማት ነርቩ በመሣሪያ ከሚገኘው መረጃ ጋር ይመሳከራል።

ምርመራው በጊዜ መደረጉም ከትክክለኛነቱ ያነሰ ዋጋ የለውም። ከአንድ ሺህ ሕፃናት ከአንድ እስከ ሦስት የሚሆኑት የመስማት ችግር ይዘው እንደሚወለዱ ይገመታል፤ ቴክሳስም እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣችው ሕግ የአራስ ሕፃናት የመስማት ልየታ በወሊድ ተቋማት እንዲሰጥ ደንግጋለች። በሙያው የተለመደው ግብ ሕፃኑ አንድ ወር ሳይሞላው የመጀመሪያው ልየታ፣ ሦስት ወር ሳይሞላው ሙሉ ምርመራ፣ ስድስት ወር ሳይሞላው ደግሞ ድጋፍ እንዲጀመርለት ነው። ድጋፉ የመስሚያ መሣሪያ፣ በቀዶ ጥገና በጆሮ ውስጥ የሚተከለው ኮክሊያር ኢምፕላንት፣ የምልክት ቋንቋ ወይም የእነዚህ ጥምረት ሊሆን ይችላል፤ ዓላማው ሁልጊዜ ልጁ ቋንቋ በሚለምድበት የመጀመሪያ ዕድሜው ያለ ቋንቋ እንዳይቀር ነው።

የመጀመሪያው ዲግሪ ግን ብቻውን የሙሉ ባለሙያነት ፈቃድ አያሰጥም። የንግግርና ቋንቋ ሕክምና ባለሙያ ለመሆን ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ገደማ የሚወስድ የማስተርስ ትምህርት ያስፈልጋል። የአሜሪካ የሙያ ማኅበር የምስክር ወረቀት ለመስጠት 400 ሰዓት የክሊኒክ ልምምድ ይጠይቃል፤ ከዚህ ውስጥ 25ቱ ባለሙያ ሲሠራ በመመልከት የሚያልፉ በመሆናቸው ብዙ ተማሪዎች በመጀመሪያው ዲግሪ ጊዜ ያጠናቅቋቸዋል። ከምረቃ በኋላም አገር አቀፍ ፈተናና ቢያንስ 1,260 ሰዓት በክትትል ሥር የሚፈጸም ሥራ ይቀራል። የመስማት ሕክምና ባለሙያ ለመሆን የሚፈልግ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አራት ዓመት የሚፈጅ የዶክትሬት ትምህርት ይጠብቀዋል። ትምህርቱን በመጀመሪያው ዲግሪ ለሚያቆም ሰው፣ የቴክሳስን መስፈርት ካሟላ፣ በባለሙያ ቁጥጥር ሥር በረዳትነት የመሥራት ፈቃድ የሚያገኝበት መንገድ አለ።

ለአካባቢው ኢትዮጵያውያን ይህ ትምህርት የተለየ ትርጉም አለው። ዳላስና እንደ ጋርላንድ ያሉ አጎራባች ከተሞች በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የሚኖሩባቸው ሲሆኑ፣ ልጆቻቸውም በቤት አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ፣ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ እየሰሙ ያድጋሉ። የእንግሊዝኛ ፈተና ብቻ የሚያውቅ መርማሪ በእነዚህ ልጆች ላይ በቀላሉ ሊሳሳት ይችላል። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የተሻገረ ልጅ በአማርኛ የሌለውን፣ ምላስ በጥርስ መካከል ገብቶ የሚነገረውን ድምፅ በ«ዝ»፣ በ«ስ» ወይም በ«ት» ቢተካ፣ ወይም በቃል መጀመሪያ የተደራረቡ ተነባቢዎችን ለማቃለል «እስኩል» ቢል፣ የሚታየው የመጀመሪያ ቋንቋው ተጽዕኖ እንጂ እክል አይደለም። በአንጻሩ እንግሊዝኛ ያየለበት ልጅ «ጠ»ን እንደ «ተ»፣ «ቀ»ን እንደ «ከ» ሊያሰማ ይችላል፤ ወይም መጥበቅና መላላትን ሳይለይ «ይበላል» ሲል መብላቱን ይሁን መበላቱን አድማጩ ለመለየት ሊቸገር ይችላል። እውነተኛ የቋንቋ እክል ያለበት ልጅ ግን ችግሩ በሚናገርባቸው ቋንቋዎች ሁሉ ይታያል። ስለዚህ የሁለት ቋንቋ ልጅ በአንዱ ቋንቋ ብቻ ተመርምሮ ሊፈረድበት አይገባም፤ ጀርገርና ሄይስ ለጆሮ ምርመራ ያስቀመጡት ጥንቃቄ ለቋንቋ ምርመራም ይሠራል።

የአሜሪካ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግም በግልጽ የማይቻል ካልሆነ በቀር ልጁ በራሱ ቋንቋ እንዲመረመር ያዝዛል፤ ወላጆችም ይህንን የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ማወቅ ይገባቸዋል። ዕድሜያቸው ከሦስት ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ቴክሳስ የቅድመ ልጅነት ድጋፍ ፕሮግራም ስላላት፣ የሚያሳስብ ነገር ያየ ወላጅ ልጁ ትምህርት ቤት እስኪገባ መጠበቅ የለበትም። ሁለት ቋንቋ መልመድ የቋንቋ እክል እንደማያስከትልም ጥናቶች አረጋግጠዋል። ልጁ እንዳይደናገር ተብሎ አማርኛን ከቤት ማስወጣት እክሉን አያድንም፤ ይልቁንም ልጁን ከአያቶቹ ጋር የሚያገናኘውንና ወላጆቹ አሳምረው የሚናገሩለትን ቋንቋ ያሳጣዋል።

ይሁን እንጂ ሕግ ብቻውን መርማሪ አያፈራም። አስተርጓሚ ቃላትን ሊያሻግር ይችላል፤ አንድ የአማርኛ ድምፅ ጠብቆ መነገር ሲገባው መላላቱን፣ ወይም ግሱ ከባለቤቱ ጋር አለመስማማቱን ሰምቶ ከዕድሜው አንጻር መመዘን ግን የሙያ ሥልጠና ይጠይቃል። ይህንን ማድረግ የሚችለው አማርኛን ከልጅነቱ የሚያውቅና የሥነ ድምፅን፣ የቋንቋ ዕድገትንና የመስማትን ሳይንስ የተማረ ሰው ነው። በዳላስ–ፎርት ወርዝ ለሚያድጉ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች የቤት ቋንቋቸው በዚህ ሙያ ሌላው በቀላሉ የማያገኘው እውቀት ነው፤ ወላጆች ለልጆቻቸው ሕክምናን፣ ምሕንድስናንና ነርስነትን በሚመኙበት ጊዜ ይህንንም ትምህርት ከምርጫዎቹ መካከል ቢያስገቡት፣ በየክፍሉ በስሕተት እንደ እክለኛ የሚቆጠሩትም፣ እክል እያለባቸው ሳይታወቁ የሚያልፉትም ልጆች ተገቢውን መርማሪ ያገኛሉ።