እስክሪብቶን ከደብተር የሚያቆራኘው ትንሽ ሞላ

ከአንድ ሜትር ከፍታ የወደቀ ቦርሳ ወለሉን እንደነካ ባለበት ክው ብሎ አይቀርም። ጨርቁና በውስጡ ያለው ዕቃ ጥቂት ተጨምቀው ነው የሚቆመው። ይህ የመጨረሻ ጉዞ አንድ ሴንቲሜትር ነው እንበል። ቦርሳው በአንድ ሜትር ውድቀት ያጠራቀመውን ፍጥነት በዚያች አንድ ሴንቲሜትር ውስጥ ማራገፍ ስላለበት፣ በውስጡ ያለው ነገር ሁሉ ለቅጽበት ክብደቱ በአማካይ ወደ መቶ እጥፍ ያድጋል። 20 ግራም የሚመዝን የብረት እስክሪብቶ በዚያች ቅጽበት እንደ 2 ኪሎ ዕቃ ይጎትታል። ከማስታወሻ ደብተሩ ጋር አያይዞ የያዘው ነገር ካለ፣ ጉተታውን የሚቀበለው እሱ ነው።

ያ ነገር ብዙውን ጊዜ ክሊፕ ነው፦ በአንድ ወገኑ የደብተሩን ሽፋን ነክሶ፣ በሌላው ወገኑ እስክሪብቶውን አቅፎ የሚይዝ የታጠፈ ብረት ወይም ፕላስቲክ። ሲያዩት የሚታሰብበት ነገር የለውም። የሚጠየቀው ግን እርስ በርሱ የሚጋጭ ነው። በሁለት ጣት ሲገፉት ያለ ትግል መግባት አለበት፤ ቦርሳ ሲወድቅ ደግሞ መልቀቅ የለበትም። ሽፋኑን አጥብቆ መያዝ አለበት፤ ሽፋኑ ላይ ግን ጠባሳ መተው የለበትም።

ጸሐፊ አንድ ቦታ ተቀምጦ ይጽፍ በነበረበት ዘመን ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረም። የብራና ጸሐፊ ቀለሙን በቀንድ ሞልቶ፣ ቀንዱን አጠገቡ መሬት ላይ ተክሎ፣ የመቃ ብዕሩን እያጠቀሰ ይጽፍ ነበር። ብዕሩ ከቀለሙ፣ ቀለሙም ከቦታው አይርቅም። ቀለሙን በሆዱ ይዞ የሚዞር ብዕር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሲስፋፋ ግን ጽሕፈት ከጠረጴዛ ተላቀቀ፤ ብዕርም መጥፋት ጀመረ። ኪስ ውስጥ የተጣለ ብዕር ይገለበጣል፣ ቀለሙ ይፈሳል፣ ባለቤቱ ጎንበስ ሲል ሾልኮ ይወድቃል።

የመጀመሪያዎቹ ክሊፖች ለብቻቸው ተሸጠው ብዕሩ ላይ የሚጠለቁ ተጨማሪ ዕቃዎች ነበሩ። የኒውዮርኩ ዋተርማን እ.ኤ.አ. በ1905 ክሊፑ ከክዳኑ ጋር በቋሚነት የተያያዘ ብዕር ለገበያ አቀረበ። ፓርከር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1916 የክሊፑን ራስ ቀለበት አድርጎ፣ በክዳኑ አናት ላይ በሚጠብቅ ብሎን ሥር የሚያስቀምጥ ንድፍ አስመዘገበ። ክዳኑን መብሳት አላስፈለገም፤ ክሊፑ ቢሰበርም መቀየር ይቻላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ወታደር የደረት ኪስ ክዳን ስለነበረው፣ አናቱ ብቅ የሚል ብዕር የኪሱን ክዳን አላስዘጋ አለ። ብዕር ሠሪዎች ክሊፑን እስከ ብዕሩ አናት ድረስ ከፍ አድርገው፣ ብዕሩ ኪስ ውስጥ ሙሉ በሙሉ እንዲሰጥም አደረጉ።

ለወረቀት የተፈለሰፈው ዘመዱ የመጣው በዚያው ዘመን ነው። የዋሽንግተኑ ሉዊስ ባልትዝሊ እ.ኤ.አ. በ1915 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ጥቁር ባለ ሦስት ማዕዘን የወረቀት መያዣ፣ እስከዛሬ በየቢሮው የሚገኘው ባይንደር ክሊፕ ነው። ሁለቱ የሽቦ እጀታዎቹ ማንሻ ሆነው ጠንካራውን ሞላ በጣት ያስከፍታሉ፤ ከተከፈተ በኋላ ወረቀቱ ላይ ይተኛሉ። ዛሬ ብዙ ሰው ይህንኑ ክሊፕ የደብተሩ ሽፋን ጠርዝ ላይ ያስነክስና እስክሪብቶውን በሁለቱ እጀታዎች ቀለበት ውስጥ ያሾልካል። ምንም ወጪ የሌለው የእስክሪብቶ መያዣ ይሆናል።

የእነዚህ ሁሉ ምስጢር ሞላ መሆናቸው ነው። ሞላ ማለት የተጠቀለለ ሽቦ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ጫፉ ተይዞ ሌላው ጫፉ ነጻ የሆነ ስስ ብረትም ሞላ ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ስለዚህ ባሕርይ የደረሰበትን ነገር፣ ሌላ ሰው እንዳይቀድመው ሰግቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1676 የላቲን ፊደላትን ከቦታቸው አፋልሶ በእንቆቅልሽ መልክ አሳተመው። መፍቻውን ያወጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነበር፦ ሞላ የሚገፋበት ኃይል በተለጠጠበት መጠን ልክ ያድጋል። 2 ሚሊሜትር የተከፈተ ክሊፕ 1 ሚሊሜትር ከተከፈተው ይልቅ እጥፍ አጥብቆ ይነክሳል ማለት ነው። በስስ ደብተር ላይ የሚላላው ክሊፕ በወፍራም ሽፋን ላይ የሚጠብቀው ለዚህ ነው።

በቁጥር እንየው። የክሊፑ ምላስ 30 ሚሊሜትር ርዝመት፣ 10 ሚሊሜትር ስፋትና ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብረት ይሁን፤ የደብተሩ ሽፋን ደግሞ 2 ሚሊሜትር ከፍቶ ያስቀምጠው። ምላሱ ሽፋኑን የሚጫነው 470 ግራም ገደማ በሚመዝን ዕቃ ኃይል ነው። ለጣት አይከብድም፣ ለወረቀትም አይበዛም። አሁን የብረቱን ውፍረት ብቻ እጥፍ አድርገን 1 ሚሊሜትር ብናደርሰው፣ ኃይሉ በእጥፍ ሳይሆን በስምንት እጥፍ አድጎ 3 ኪሎ ተኩል ያልፋል። ርዝመቱን በግማሽ ብንቀንሰውም እንዲሁ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስፋት ይህን ያህል ጉልበት የለውም፤ ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉም እጥፍ ብቻ ይሆናል። በፋብሪካ ውስጥ የአንድ ብረት ውፍረት በአሥር በመቶ ቢበልጥ፣ ክሊፑ በሠላሳ ሦስት በመቶ ይጠብቃል።

ከዚህ ስሌት የሚወጣ አንድ ጠቃሚ ዘዴ አለ። ውፍረትም ርዝመትም አንድ ላይ እጥፍ ቢደረጉ፣ አንዱ ኃይሉን ስምንት ጊዜ ሲያበዛው ሌላው ስምንት ጊዜ ስለሚቀንሰው ክሊፑ የሚነክስበት ኃይል አይለወጥም። ብረቱ ውስጥ የሚፈጠረው ውጥረት ግን በግማሽ ይቀንሳል። ረዥም ክሊፕ እንደ አጭሩ እየነከሰ፣ ብረቱን ግን የሚያደክመው በግማሽ ነው።

ውጥረቱ የሚበረታው ምላሱ በሚታጠፍበት ሥር ላይ ነው። በምሳሌያችን ክሊፕ ላይ ከብረቱ ገጽ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር 34 ኪሎ ገደማ ያርፋል። ለግንባታና ለመስኮት ፍሬም የሚውለው ተራ ለስላሳ ብረት 25 ኪሎ አካባቢ ሲደርስ ወሰኑን ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ተጣሞ ይቀራል እንጂ ወደ ቦታው አይመለስም። ስለዚህ ከተራ ብረት የተሠራ ክሊፕ አንድ ጊዜ ወፍራም ሽፋን ላይ ከገባ ይላላል። ለሞላ የሚሠራው አረብ ብረት ግን ከ100 ኪሎ በላይ ይሸከማል።

የሁለቱ ብረቶች ልዩነት በጣት ሲነኩ አይታወቅም፤ ግትርነታቸው አንድ ዓይነት ነውና። እኩል ልክ ያላቸውን ሁለት ምላሶች እኩል ለማጠፍ የሚያስፈልገው ኃይል፣ ወሰናቸውን እስካላለፉ ድረስ፣ እኩል ነው። የሚለያዩት ምን ያህል ታጥፈው መመለስ እንደሚችሉ ነው። ይህን አቅም የሚሰጠው ካርቦንና እሳት ነው። የሞላ ብረት ከ0.6 እስከ 1 በመቶ ካርቦን ይጨመርበታል፤ ግሎ ዘይት ውስጥ ይነከርና ይጠነክራል፣ ከዚያም ተሰባሪነቱ እንዲለዝብ መጠነኛ በሆነ ሙቀት እንደገና ይሞቃል።

ወሰኑን ያላለፈ ብረትም ቢሆን ለዘላለም አይኖርም። ጀርመናዊው አውጉስት ቮለር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የባቡር አክሰሎች ለምን እንደሚሰበሩ ሲመረምር፣ አንድ ጊዜ ቢጫን ምንም የማይሆን ብረት ያንኑ ጭነት ደጋግሞ ሲሸከም እንደሚሰበር አሳየ። አግራፍ ወዲያና ወዲህ ሲያጥፉት ከጥቂት ምልልስ በኋላ ለሁለት የሚከፈለውም በዚሁ ድካም ነው፤ እሱ ወሰኑን በእያንዳንዱ እጥፋት ስለሚያልፍ ቶሎ ይደርስበታል። አረብ ብረት መልካም ዕድል አለው፤ ውጥረቱ ከመሰበሪያው ግማሽ በታች ሆኖ ከቆየ እጅግ ብዙ ምልልስ ይችላል። ጥሩ ክሊፕ እጥፋቱ ላይ ስለታም ማዕዘን የሌለው ለዚህ ነው፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ውጥረት ከሚሰበሰብበት ማዕዘን ነው።

ፕላስቲክ ሌላ ጣጣ አለው። ለእስክሪብቶ ክዳን የሚዘወተረው ፖሊፕሮፒሊን ከብረት ከመቶ ጊዜ በላይ ለስላሳ ነው። የግማሽ ሚሊሜትሩን ብረት ያህል እንዲነክስ ውፍረቱ አምስት እጥፍ፣ ማለትም ሁለት ሚሊሜትር ተኩል ያህል መሆን አለበት። የፕላስቲክ ክሊፖች ደንደን ያሉት ስለዚህ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ጊዜ ነው። ረዣዥም የፕላስቲክ ሞለኪውሎች በጭነት ሥር ሲቆዩ ቀስ እያሉ እርስ በርስ ይንሸራተታሉ፤ ክሊፑ ለወራት ወፍራም ሽፋን ላይ ከሰነበተ የተከፈተበትን ቅርጽ ይለምድና መንከሱን ይተዋል። ሙቀት ይህን ያፋጥነዋል፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተተወ የፕላስቲክ ክሊፕ ሲላላ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ወደቀው ቦርሳ እንመለስ። ክሊፑ በ470 ግራም ኃይል ቢጫንም እንዳይንሸራተት የሚከላከለው ሰበቃ ነው። ብረትና ካርቶን ሲነካኩ የሚፈጠረው ሰበቃ የጫናው 30 በመቶ ነው ብንልና ክሊፑ ሽፋኑን ከላይም ከታችም እንደሚነካ ብናስብ፣ ይዞ የሚቆየው እስከ 280 ግራም ጉተታ ነው። ደብተሩን ዘቅዝቀው ቢያራግፉት ይበቃል፤ የ2 ኪሎውን ቅጽበት ግን አይችለውም። ሞላውን ሰባት ጊዜ ማጠንከር መፍትሔ አይደለም፤ ሽፋኑን ያሰረጉደዋል፣ ጣትም አይከፍተውም።

ስለዚህ ንድፍ አውጪዎች ሰበቃውን በሌላ መንገድ ይረዱታል። አንደኛው የምላሱን ውስጥ በጎማ መልበስ ነው፤ ጎማ ከካርቶን ጋር የሚፈጥረው ሰበቃ ከብረት እጅግ ይበልጣል። ሁለተኛው አቅጣጫ መምረጥ ነው፤ የክሊፑ እጥፋት የሽፋኑን ጠርዝ ተደግፎ ከቆመ፣ በአንድ በኩል የሚመጣን ጉተታ ሰበቃ ሳይሆን ብረቱ ራሱ ይሸከመዋል። ሦስተኛው የምላሱን ጫፍ ወደ ውስጥ ጠምዞ መጨረሻውን ወደ ውጭ መመለስ ነው። ወደ ውጭ የተመለሰው ከንፈር ሽፋኑን ሲቀበል ቀስ ያለ ዳገት ይሆናል፤ ወደ ውስጥ የተጠመዘዘው ሆድ ደግሞ ሲወጣ እንቅፋት ይሆናል።

ሽፋኑን ከጠባሳ ለማዳን የፈረንሳዊው ጊዮም አሞንቶን ግኝት ይጠቅማል። እሱ እ.ኤ.አ. በ1699 እንዳስታወቀው፣ ሰበቃ የሚወሰነው በጫናው እንጂ በሚነካካው ገጽ ስፋት አይደለም። 470ው ግራም በቀጭን ጠርዝ ላይ ቢያርፍ ካርቶኑን ያሰረጉደዋል፤ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ ቢበተን ምልክት አይተውም፣ የሚይዝበት ጉልበት ግን ያው ነው። ምላሱን ጠፍጣፋ ማድረግ ምንም ሳያስከፍል ሽፋኑን ያድናል።

እስክሪብቶውን የሚያቅፈው ወገን የራሱ ሕግ አለው። ብዙ ጊዜ ቅርጹ አፉ የተከፈተ ቀለበት ሲሆን፣ የእስክሪብቶውን ዙሪያ ከግማሽ በላይ ያቅፋል። አፉ ከእስክሪብቶው ስለሚጠብ፣ እስክሪብቶው ሲገፋ ሁለቱ ክንዶች ይከፈታሉ፤ ወፍራሙ ወገብ ባለፈ ቅጽበት ክንዶቹ ራሳቸው ወደ ውስጥ ይስቡታል። ቀጭ የሚለው ድምፅ የሚሰማው ያኔ ነው። ችግሩ የእስክሪብቶ መጠን ብዙ መሆኑ ነው። ተራ እርሳስ 7 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ሲኖረው፣ ደንዳና ብዕር ከ13 ሚሊሜትር ሊያልፍ ይችላል። ለአንዱ የተለካ ቀለበት ሌላውን ወይ አያስገባም ወይ አይዝም።

ላስቲክ እዚህ ላይ ያሸንፋል። የላስቲክ ቀለበት ርዝመቱ በግማሽ ቢጨምር እንኳ ስለሚመለስ ቀጭኑንም ወፍራሙንም ይይዛል። የሚመለስበት ምክንያት ከብረት የተለየ ነው። ብረት ሲታጠፍ አተሞቹ ከተለመደ ርቀታቸው ይነሳሉ፤ ላስቲክ ሲሳብ ግን እንደ ተወሳሰበ ክር የተጠማዘዙ ሞለኪውሎች ይዘረጋሉ፣ ሲለቀቁም ወደ ውስብስባቸው ይመለሳሉ። እንግሊዛዊው ጆን ጎው እ.ኤ.አ. በ1805 እንደጻፈው፣ በፍጥነት የተሳበ ጎማ ይሞቃል፤ ሰፊ ላስቲክ ስቦ ወዲያው ከንፈር ላይ የሚያስጠጋ ሰው ሙቀቱ ይሰማዋል። ድክመቱ እርጅና ነው። በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅንና ኦዞን ሰንሰለቶቹን ስለሚያጠቃ፣ ተወጥሮ የከረመ ጎማ ይሰነጣጠቃል።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጃፓናዊው ማሳቶ ሳጋዋና የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ተመራማሪዎች ለየብቻ የደረሱበት የኒዮዲሚየም ማግኔት ደግሞ ሌላ አማራጭ ከፍቷል፦ ሽፋኑን ከሁለት ወገን የሚይዙ ሁለት ትናንሽ ማግኔቶች። አይታጠፉም፣ አይላሉም። ነገር ግን የማግኔት ጉልበት ከርቀት ጋር በፍጥነት ስለሚወድቅ፣ በወፍራም ሽፋን ላይ ይደክማሉ፤ ይህም ወፍራም ሽፋን ላይ ከሚጠብቀው ሞላ ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን ሞላም ጎማም ማግኔትም የማይፈልግ መፍትሔ ነበር። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ ይሸጡ የነበሩ የኪስ ማስታወሻዎች በሁለቱም ሽፋኖቻቸው ጠርዝ ላይ ትናንሽ ቀለበቶች ነበሯቸው። ደብተሩ ሲዘጋ ቀለበቶቹ በአንድ መስመር ይሰለፋሉ፤ እርሳሱ በመካከላቸው ሲሾልክ እንደ በር መወርወሪያ ደብተሩን ይቆልፋል። ሽፋኖቹን ለያይቶ የሚከፍት ኃይል ሁሉ እርሳሱን ከጎን ይጫነዋል እንጂ ከቀለበቶቹ አይስበውም። እርሳሱ ከሌለ ደግሞ ደብተሩ አይዘጋም፤ ባለቤቱ እርሳሱን ረስቶ ሊነሳ ሲል የሚያውቀው ወዲያው ነው። ዛሬም አንዳንድ የቆዳ አጀንዳዎች በዚሁ መንገድ ይሠራሉ፤ የሚያስፈልጋቸው ውፍረቱ ለቀለበቶቹ የሚስማማ እስክሪብቶ ብቻ ነው።