የእንደራሴው ወንበር ባዶ ሲሆን



ሞት ሹመትን አይቶ አያልፍም። ሕዝብ ድምፁን ሰጥቶ ወደ ምክር ቤት የላከው እንደራሴ የአገልግሎቱ ዘመን ሳይፈጸም የሞተ እንደ ሆነ፣ በምክር ቤቱ ላይ ሁለት ግዴታዎች ይወድቃሉ። አንደኛው ሟቹን እንደሚገባው ማክበር፣ ሁለተኛውም የላከው ሕዝብ ያለ ተወካይ እንዳይቀር ወንበሩን መሙላት ነው።

በእንግሊዝ አገር የባትሌይና የስፔን እንደራሴ የነበሩት ወይዘሮ ጆ ኮክስ፣ እ.ኤ.አ. ጁን 16 ቀን 2016 ከመረጣቸው ሕዝብ ጋራ ሊነጋገሩ በሄዱበት በበርስታል በነፍሰ ገዳይ እጅ ወደቁ። ምክር ቤቱ ዕረፍት ላይ ነበረ፤ ነገር ግን በጁን 20 ቀን በልዩ ጥሪ ተሰበሰበ። በወንበራቸው ላይ አንድ ነጭና አንድ ቀይ ጽጌረዳ ተቀመጠ፤ በሌላ ጊዜ በክርክር የሚለያዩት ወገኖችም በአንድ ሐዘን ተናገሩ። በኦክቶበር 20 ቀን በተደረገው የማሟያ ምርጫ ታላላቆቹ ተፎካካሪ ፓርቲዎች ዕጩ ሳያቀርቡ ስለ ቀሩ፣ ወንበሩ በሟቿ በሠራተኛ ፓርቲ እጅ ጸና። በዚያ አገር ልማድ፣ የማሟያው ምርጫ እንዲታወጅ የሚጠይቀው የሟቹ ፓርቲ ነው፤ ጥያቄውንም በሦስት ወር ውስጥ እንዲያቀርብ ይጠበቃል።

በአሜሪካ ግን ሥርዓቱ ሁለት ዓይነት ነው። የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት አባል ሲሞት፣ ሕገ መንግሥቱ ወንበሩ በምርጫ ብቻ እንዲሞላ ያዛል። ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ግን በ1913 የጸደቀው 17ኛው ማሻሻያ፣ የየክፍለ ግዛቱ ሕግ ከፈቀደ አገረ ገዥው ጊዜያዊ ተተኪ እንዲሾም መንገድ ከፍቷል። ሴናተር ጆን ማኬን በኦገስት 25 ቀን 2018 ባረፉ ጊዜ፣ ጠረጴዛቸው ጥቁር ጨርቅ ለብሶ ነጭ ጽጌረዳ ተቀመጠበት፤ ጥቂት ቀን ቆይቶም የአሪዞና አገረ ገዥ ጆን ካይልን ሾሙ።

ከሁለቱ መንገዶች የትኛው ይሻላል? ሹመት ፈጣን ነው፤ ነገር ግን የተሾመውን ሕዝብ አልመረጠውም። ምርጫ የሕዝብን ፈቃድ ያከብራል፤ ነገር ግን እስኪፈጸም ድረስ ወራት ያልፋሉ፤ በዚያም መካከል ግብርና በጀት ሲወሰን የአንድ አገር ሕዝብ ድምፅ ይጐድላል።

ስለዚህ አበባው የሟቹ፣ ወንበሩ ግን የሕዝብ መሆኑን እናስተውል። ይህም ለእንደራሴ ብቻ የተነገረ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ ያለን ሁሉ፣ ነገ ሌላ ሰው ተቀብሎ ሊቀጥለው እንዲችል ሥራችንን በሥርዓት ይዘን ብንገኝ፣ ለሕዝብ የታመንን ነን።